ከኢሙልሽኑ አጠገብ ያለው ኢንሱሊን

ቀረብ በሉ፤ ይሄ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

ወርክሾፓችን ውስጥ፣ ከማድረቂያው ማሽን ራቅ ብሎ ጓዳው ጥግ ላይ፣ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ ትንሽ ፍሪጅ አለ። ልብስ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አያየውም። ፎቶ አንሺ ሲመጣም ካርቶን እንደረድርበት ነበር። የታችኛው መደርደሪያ ላይ ኢሙልሽን አለ፤ የሕትመቱ ስክሪን ላይ ተቀብቶ፣ ብርሃን ሲያገኘው ደርቆ የፊደሉን ቅርጽ የሚያወጣልን አረንጓዴ ፈሳሽ። የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳኑ በጠበቀ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ የእኔ ኢንሱሊን አለ። ሁለቱም ሙቀት አይችሉም። ሁለቱም በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። ሁለቱም አገልግሎት ላይ ከዋሉ በኋላ ዕድሜያቸው በቀን ይቆጠራል፤ ኢንሱሊኑ 28 ቀን፣ የተበጠበጠው ኢሙልሽን ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ሦስት ወር ገደማ። ስለዚህ ሁለቱም ላይ የተከፈቱበትን ቀን በአንድ ማርከር እጽፋለሁ።

ሰው ስለ ብራንዳችን ሲጠይቀኝ ስለ ሁዲው፣ ስለ ፊደሉ፣ ስለ ሙዚቃው አወራለሁ። ስለ ፍሪጁ አውርቼ አላውቅም። የብራንዱን ስም እዚህ አልጠራም፤ ልሸጥላችሁ አልመጣሁም። ጓዳውን ላሳያችሁ ነው የመጣሁት።

ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ስመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስኳር የያዘኝ በ14 ዓመቴ ነው፤ ዓይነት 1 የሚሉት። የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ኢንሱሊን ከውጭ ካልገባ መኖር የለም። ከረሜላ ስለበላሁ የመጣ አይደለም። ይህን ለስንት ዘመድ፣ በስንት ለቅሶ ቤትና በስንት ሠርግ ላይ እንዳስረዳሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በዚያው ዓመት የአክስቴ ልጅ የድሮ ሲዲዎቹን አወረሰኝ። ከመካከላቸው የኤ ትራይብ ኮልድ ኴስት የ1993 አልበም፣ ሚድናይት ማራውደርስ ነበረበት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በቡድኑ ውስጥ ቁመቱ አጭር የነበረው ራፐር፣ ፋይፍ ዶግ፣ እዚያ አልበም ላይ፣ በአንዱ ዘፈን ውስጥ፣ ስኳር እንዳለበት ራሱ ይናገራል። እኔ ያኔ የክፍል ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነበር ኢንሱሊን የምወጋው። አንድ ሰው ማይክ ይዞ በሽታውን እንደ ሰፈሩ ስም ሲጠራው ስሰማ መዝሙር የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ። የዛሬው ሥራዬ ከየት ጀመረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከዚያች ዘፈን ነው።

ሂፕ ሆፕ ለልብስ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። ኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ውስጥ፣ በ1520 ሴጅዊክ አቬኑ ሕንፃ መዝናኛ ክፍል ዲጄ ኩል ሄርክ ያጫወተበት ፓርቲ የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ ይከበራል። ፓርቲውን የደገሰችው ግን እህቱ ሲንዲ ካምቤል ነበረች። የደገሰችውም ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰው አዲስ ልብስ መግዣ ፈልጋ ነው። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። አንዲት ልጅ ልብስ አማራት፣ ወንድሟ ሸክላ አጫወተላት፣ ዓለም ተቀየረ።

የእኛ የመጀመሪያ ሁዲ ላይ የታተመው አንድ ቃል ነበር፤ «ቤቴ»። ጥቁር ሁዲ፣ ነጭ ፊደል፣ ደረት ላይ። ቀላል ይመስላል። አሁን የሙያውን ጓዳ ልንገራችሁ፦ «ቤ» እና «ቴ» ኃምሶች ናቸው፤ ኃምስ ደግሞ ቀለበት አለው። ያቺ ትንሽ ቀለበት የስክሪን ፕሪንት ጠላት ናት። ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ለማሳየት መጀመሪያ የታች ቀለም ታትማለህ፣ በሙቀት ለአፍታ ታስነካዋለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትደርብበታለህ። ቀለሙ በስኩጂው፣ በጎማ መግፊያው፣ በተገፋ ቁጥር ትንሽ ይሰፋል። የቀለበቷ ቀዳዳ ይጠባል፣ ይጠባል፣ በስተመጨረሻ ይደፈናል። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎቻችን ላይ የነበረው ቀለበት ሳይሆን ቡግር ነበር። በኢንች 110 ክር ባለው፣ ክሩ ወፍራም በሆነ ስክሪን ነበር የምናትመው። ወደ 230 ስንሄድ ጠርዙ ጠራ፣ ግን ቀለሙ ሳሳና ግራጫ መሰለ። ሁለት ሳምንት በዚህ ነገር ተከራከርን።

መፍትሔውን የሰጡን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የሱቅ ሰሌዳ ይጽፉ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ሲጠጡ ነው ያገኘኋቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» ብዬ ናሙናውን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አወረዱ፣ ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ፊደሉ አየር አጥሮታል። ቀለበቱን ክፈቺለት» አሉኝ። ኮምፒውተር ላይ ከተዘጋጀው ፊደል ነበር የምንገለብጠው፤ እሱ ደግሞ ለወረቀት እንጂ ለጨርቅ አልተሳለም። በእጃቸው ናፕኪን ላይ «ቤ»ን ጻፉልኝ፤ ቀለበቷ ካሰብኩት እጥፍ የምትሰፋ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለች። በ156 ስክሪን አተምነው፤ አየር ገባላት። ዛሬም የምንጠቀመው ከዚያ ናፕኪን የተነሣውን ፊደል ነው።

ስለ ቀለም ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ፖሊስተር የበዛበት ቀይ ሁዲ ገዝተን ነጭ አተምንበት፤ ከማድረቂያው ሲወጣ በረዶ ነበር። በአምስተኛው ቀን ፊደሉ ሁሉ ሮዝ ሆነ። የጨርቁ ቀይ ቀለም በሙቀቱ ተነሥቶ ወደ ሕትመቱ ገብቷል። በእንግሊዝኛው የሙያ ቃል ይህን የቀለም ስደት ይሉታል። ከዚያ ወዲህ መቶ በመቶ ጥጥ ካልሆነ ቀይ አንነካም።

ወደ ፍሪጁ ልመለስ።

በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ትልቅ ተረት አለ፤ አለመተኛት። ዲዛይነሩ ዳፐር ዳን ሃርለም 125ኛው መንገድ ላይ በ1982 የከፈተው ሱቅ 24 ሰዓት ክፍት ነበር፤ ራፐሩ፣ ቦክሰኛው፣ የሰፈሩ ሀብታም ሁሉ በሌሊት ይመጣ ነበር። ፉቡ የተባለውን የልብስ ብራንድ የመሠረተው ዴይመንድ ጆን እናቱ የኩዊንስ ቤታቸውን አስይዘው 100,000 ዶላር ተበድረውለት፣ ቤቱ ፋብሪካ ሆነ። እነዚህን ታሪኮች እወዳቸዋለሁ፤ ያለ እነሱ እኔ የለሁም። ችግሩ ከታሪኩ ውስጥ ሁላችን የምናወጣው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው፤ ያልተኛ አሸነፈ። የኔ ሰውነት ይህን ታሪክ አይቀበልም። ሞክሬ ነው የምነግራችሁ።

ሦስተኛው ዙራችን ላይ ነበር። 140 ሁዲ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ እንለቃለን ብለን አውጀናል። ረቡዕ ሌሊት አልተኛሁም፤ ሐሙስም እንዲሁ። ኢንሱሊን የምወስደው በፓምፕ ነው፤ ከፓምፑ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ጫፉ ሆዴ ቆዳ ስር ይገባል። ሐሙስ ማታ ያቺ ጫፍ ቆዳ ውስጥ ታጠፈች። ፓምፑ ይሠራል፣ ኢንሱሊኑ ግን አይገባም። የደም ስኳሬን የሚለካው ሴንሰር ጮኸ፤ አጠፋሁት። ጠማኝ፤ ውኃ ጠጣሁ። ጠማኝ፤ ደግሞ ጠጣሁ። ማስታወክ ስጀምር ቡናው ነው አልኩ። ሴንሰሩ ሁለተኛ ሲጮህ ስልኬን ከካርቶን ስር ከተትኩት፤ ምክንያቱም እጄ ላይ ገና 50 ያልታተመ ሁዲ ነበረ።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደም አሲድ ይሆናል። ኬቶአሲዶሲስ ይባላል፤ ይገድላል። የአክስቴ ልጅ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ወለሉ ላይ አገኘኝ። ሁለት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛሁ። ልብሱ በ11 ቀን ዘገየ።

አሁን እስከ ዛሬ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ለደንበኞቻችን የጻፍኩት «ከአቅራቢያችን በኩል በተፈጠረ መዘግየት» የሚል ነበር። አቅራቢያችን ባዶ ሁዲዎቹን የሚያመጣልን አንድ ኤልሳልቫዶራዊ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አዘግይቶ አያውቅም። ማስታወቂያውን አየው። ደውሎ አልተቆጣም፤ በለሰለሰ ድምፅ «መቼ ነው ያዘገየሁት?» ብቻ አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ነገርኩት፤ ከቤተሰቤ ውጭ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። «ብትነግሪኝ ኖሮ የቀረውን እኔ አትሜ እሰጥሽ ነበር፤ ማሽኔ ሐሙስ ቆሞ ነበር የዋለው» አለኝ። ሚስጥሬን ለመጠበቅ ብዬ የታማኝ ሰው ስም አጠፋሁ፤ ያ ሰው ደግሞ ሊረዳኝ የሚችለው ሰው ነበር።

እማዬ ሚስጥሩ እንዲጠበቅ ትፈልግ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ትፈልጋለች። «ሰው አፍ ውስጥ አትግቢ» ትለኛለች። እሷ የምታስበው ትዳሬን ነው፣ ዓይን ነው፣ «የእገሌ ልጅ በሽተኛ ናት» መባልን ነው። አልፈርድባትም። እኔም ምክንያት ነበረኝ፤ ገዢ የሚፈልገው ጉልበት ነው፣ ድካም የሸተተው ብራንድ ማን ይለብሳል ብዬ። ግን የምንወዳቸውን ሰዎች ዕድሜ ተመልከቱ። ፋይፍ ዶግ በ2008 ከባለቤቱ ኩላሊት ተቀብሎ፣ በማርች 22 ቀን 2016 በስኳር መዘዝ በ45 ዓመቱ ዐረፈ። የሞብ ዲፕ ቡድኑ ራፐር ፕሮዲጂ ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ ይዞ ተወልዶ፣ ስለ ሕመሙ በ2000 ዘፈን ሠርቶ፣ በጁን 2017 ላስ ቬጋስ ሥራ ላይ ሳለ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በ42 ዓመቱ አጣነው። ቨርጂል አብሎ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ የነበሩት የጋናውያን ልጅ፣ በ2018 የሉዊ ቪቶን የወንዶች ልብስ መሪ ሆነ፤ በ2019 ብርቅ የሆነ የልብ ካንሰር ተገኘበት። ሚስጥሩን ይዞ ሁለት ዓመት ሠራ። ኖቬምበር 28 ቀን 2021 በ41 ዓመቱ ማረፉ ሲነገር ዓለም ሁሉ በአንድ ቀን ደነገጠ። መሸሸግ መብቱ ነበር፤ በዚያ ላይ አንድ ቃል አልናገርም። ያን ቀን የኔን ፍሪጅ የሸፈነውን ካርቶን ግን ረዘም ላለ ጊዜ አየሁት።

ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም የሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰሩ የጄ ዲላ ኤምፒሲ ተቀምጧል፤ የከበሮ ማሽን፣ መጫኛዎቹ በጣት የለሰለሱ። ዲላ ሉፐስና አንድ ብርቅ የደም በሽታ ነበረበት። ዶናትስ የተባለው አልበሙ የወጣው 32ኛ ልደቱ ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2006 ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈ። እናቱ ያበጡ ጣቶቹን እያሹለት ይሠራ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ መስታወት ፊት ቆሜ ስለ ጀግንነቱ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ እናቱ እጅ ነው። ማንም ታሞ ብቻውን አልሠራም፤ ሁልጊዜ ጣት የሚያሽ ሰው አለ። እኔ ግን ብቻዬን የምሠራ መስዬ ለመታየት ነበር ስደክም የኖርኩት።

ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠሪያችንን ከሥሩ ቀደድነው።

አሁን የሚሆነው እንዲህ ነው። ልብሱ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ካርቶን ገብቶ ሳያልቅ ቀኑን አናውጅም። ቀኑ ከታወጀ በኋላ የሚቀረን መላክ ብቻ ነው፤ መላክን ደግሞ ማንም ይሠራዋል። አንድ ዙር ከ80 አይበልጥም። ሴንሰሩ ከ90 በታች እየወረደ ከሆነ ስኩጂ አልነካም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት ስኳሬ ወርዶ ሳላውቅ 18 ሁዲ የግራውን እጅጌ በቀኝ ካተምኩ በኋላ ነው። ስኳር ሲወርድ እጅ ከመንቀጥቀጡ በፊት ፍርድ ይንቀጠቀጣል፤ ትክክል እየሠራሁ ነው ብለህ ትምላለህ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ 15 ደቂቃ መቀመጥ፣ እንደገና መለካት። ጭማቂው ጠረጴዛው ላይ ነው እንጂ ፍሪጁ ውስጥ አይደለም፤ ያን ሰዓት ፍሪጅ መክፈት ሩቅ አገር ነው። ኦገስት ላይ ማተም አቁመናል። ቀለሙ በደንብ እንዲበስል 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ማድረቂያው ይህን ሙቀት ሲተፋ ክፍሉ ከ30 ያልፋል፤ ፓምፔ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል። ኦገስት የሥዕል ወር ነው።

ነጋዴ ወዳጆቼ «እንዲህ እያላችሁ አታድጉም» ይሉናል። በ1989 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተውን ክሮስ ከለርስ እጠቅስላቸዋለሁ። ያን ሰሞን ቀለሙን ያልለበሰ ራፐር አልነበረም፤ ትዕዛዙ ከአቅም በላይ ሆነ። ትልቁ ገዢው የነበረው የሱቆች ሰንሰለት በ1994 ኪሳራ ሲያውጅ ብራንዱን ይዞት ወደቀ። ሰውነቴ ያስገደደኝ ትንሽነት ጉዳት ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ግን ውሸት አልነግራችሁም፤ ያመለጡን ነገሮች አሉ። አንድ ትልቅ ሱቅ 600 ቲሸርት በስድስት ሳምንት ብሎን እምቢ ብለናል፤ ያን ማታ እራት አልበላንም።

ገንዘቡስ? ይሄኛው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይነገር። የብራንዳችን እውነተኛ አለቃ የጤና ኢንሹራንስ ነው። በአሜሪካ ከ2010ሩ ሕግ ወዲህ ልጅ በወላጁ ኢንሹራንስ እስከ 26 ዓመቱ ይቆያል። ሌላው ሰው 26ኛ ልደቱን በኬክ ያከብራል፤ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ቀኑን ከዓመት በፊት መቁጠር ይጀምራል። ብራንዱ ያን ጊዜ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መነሣት ጀምሯል፤ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ቀን ልገባበት ደርሼ ነበር። አልለቀቅኩም። እስከ ዛሬ በሳምንት 30 ሰዓት ቢሮ እሠራለሁ፤ 30 የሆነው በሕጉ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ተብሎ ኢንሹራንስ የሚጠበቅበት ልክ እሱ ስለሆነ ነው። በ2023 ትልልቆቹ የኢንሱሊን አምራቾች ዋጋ እንደሚቀንሱ ማስታወቃቸው ትንፋሽ ሰጥቶናል። ግን ፓምፑ አለ፣ ሴንሰሩ አለ፣ ሐኪሙ አለ። የኢንሱሊን ፈልሳፊዎች በ1923 የባለቤትነት መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ነበር የሸጡት፤ ይህን ሳስብ አንዳንዴ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እና ስለ አንድ የሰፈራችን ወጣት ዲዛይነር «ለምን ሥራውን ለቅቆ ሕልሙን አይከተልም» ስትሉ፣ ምናልባት የሚከተለው ሕልም ሳይሆን የወር መድኃኒቱ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማሰፋት ከመጀመሪያው ሕልሜ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ዜናውን ከእማዬ ጋር አብረን ነው ያየነው፤ «አንድ ቀን ያንቺም እዚያ ይሰፋል» አለችኝ። አጎዋ በሚባለው የንግድ ሕግ በኩል ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዚያ ወጣች። ከዚያም በላይ ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ትዕዛዝ በሺዎች ነው፤ እኛ 80 ነን። አሁን አዲስ አበባ ካለች አንዲት ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጋር ናሙና ብቻ እንሠራለን። ድሮ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ እሱም ከኦገስት 29 ቀን 2025 ወዲህ ቀርቷል። በአንድ ሁዲ ናሙና ላይ ቀረጥ ስከፍል እናደዳለሁ፤ እሷ የሰፋችውን አንገት ሳይ ግን ንዴቱ ይጠፋል።

እሷ ናት እንግዲህ የኪሱን ነገር የጀመረችው።

ዲዛይነሩ ካርል ካናይና መሰሎቹ በ90ዎቹ ሰፊውን ሱሪና ሰፊውን ሹራብ ሲያመጡ ስለ ስኳር በሽተኛ አላሰቡም። ግን ያ ስፋት ለእኔ ምሕረት ነው። ፓምፕ ይይዛል። ክንዴ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሴንሰር አይገፋም። ልብስ ሳላወልቅ ከስር እጄን አስገብቼ ቱቦውን አስተካክላለሁ። የሚያስቸግረው ኪሱ ነው፤ የሁዲ የፊት ኪስ ሁለቱም ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጎንበስ ስል ፓምፑ ይወድቃል፣ ቱቦው ይመነጨቃል። ይህን ለልብስ ሰፊዋ በቪዲዮ ሳወራ፣ የምሬን ምክንያት ሳልነግራት «ትንሽ ዕቃ የማይወድቅበት ኪስ» ነበር ያልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «ስንት በስንት ነው መሣሪያው?» አለችኝ። ከዚያ «ወንድሜም አለበት» አለችኝ። እሱ የሚጠቀመው መርፌና ብልቃጥ ነው፤ ፓምፕ አይቶ አያውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ልብስ አላወራንም።

የሠራችው ኪስ ከውስጥ በኩል በግራ ጎን ነው፤ አፉ በድርብ ጨርቅ የሚዘጋ፣ ከበላዩ ለቱቦው የምትሆን የተጠረዘች የቁልፍ ቀዳዳ ያላት። ከውጭ ምንም አይታይም። ሁዲው በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ጥጥ ስለሆነ ፓምፑ ቅርጹን አያወጣም። በዝርዝሩ ላይ «የውስጥ ኪስ» ብለን ብቻ ጻፍን።

ባለፈው ጁላይ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ድንኳን ተከለን ነበር። ይህ በዓል ከ1984 ጀምሮ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ኳሱ ሰበብ ነው፣ ሰው የሚመጣው ሰው ሊያይ ነው። ሙቀቱ አስፋልቱን ያለሰልስ ነበር። እጅጌ በሌለው ካናቴራ ነበርኩ፤ ኢንሱሊኔ በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት «ቤቴ» የሚለውን ሁዲ አንሥተው ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ዓይናቸው ክንዴ ላይ ያለችውን ነጭ ክብ ላይ አረፈ። ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «አንቺም?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«የኔውም ልጅ። 16 ዓመቱ ነው። እዚያ ጋ ነው ያለው፣ ኳስ ያያል። ሹራብ ካላጠለቅኩ አልወጣም ይላል፣ በዚህ ሙቀት።»

ሁዲውን ገልብጬ የውስጥ ኪሱን አሳየኋቸው። ቀዳዳዋን በትንሿ ጣታቸው ሞከሩ። ከዚያ ልጁን ጠሩት፤ መጣ፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ እጅጌው እስከ መዳፉ የወረደ። ለእናቱ ብዙ አልመለሰላቸውም። እኔን ግን «ለምንድን ነው ይሄ ድረ ገጹ ላይ ያልተጻፈው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ካርቶኑን ከፍሪጁ ላይ ያነሣነው ከዚያ ተመልሰን ነው። በሚቀጥለው ዙር ዝርዝሩ ላይ ኪሱ ለምን እንደሆነ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እማዬ ጽሑፉን አንብባ ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ፓምፕ» የሚለው ቃል ላይ ፊደሉ ተሳስቷል ብላ አረመችልኝ።

ሁለተኛው ናሙና ትናንት ደርሷል። ለብሼው መኪና ነዳሁ፤ የመቀመጫው ቀበቶ ኪሱን ይጫነዋል። ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ዛሬ ማታ፣ አዲስ አበባ ሲነጋ፣ እደውልላታለሁ።